እነዚህ ሰዎች አይተዋወቁም?

ከሚሴ ያደግሁበት ቤት ውስጥ አንድ ሬዲዮ ነበረ፤ ሁለት ቋንቋ ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2002 አጋማሽ እስከ 2004 መገባደጃ ድረስ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሁለት ተከታታይ ድራማዎች ጎን ለጎን ይተላለፉ ነበር፤ አንዱ በአማርኛ «የቀን ቅኝት»፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ «ዲምቢባ»። የመጀመሪያው 257 ክፍል ነበረው፣ ሁለተኛው 140። ሁለቱንም ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ነው። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ሴቶች ሕይወት ሰው እርስ በርሱ እንዲነጋገር የታሰቡ ነበሩ፤ ሰውም ተነጋገረባቸው። አድማጮች ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ጽፈዋል።

በአብዛኛው የአገራችን ክፍል አድማጭ ከሁለቱ አንዱን ነበር የሚከታተለው። የኛ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ግን በአማራ ክልል ውስጥ ሆኖ አፋን ኦሮሞ የሚናገር፣ አማርኛም የማይቸግረው ሕዝብ አገር ነው። ስለዚህ ሁለቱም ድራማዎች አንድ ጓዳ ውስጥ ይገቡ ነበር። አክስቴ አንዱንም አታስመልጥም። አንድ ቀን ስኒዎቹን ከረከቦቱ ላይ እየሰበሰበች፦

«ኧረ አንተ ልጅ፣ እነዚያ ሰዎችና እነዚህ ሰዎች አይተዋወቁም እንዴ? ወላሂ አንድ ቀን ገበያ ላይ ሳይገናኙ አይቀሩም» አለችኝ።

ያኔ መልስ አልነበረኝም። በሌላው ዓለም ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ካርታ እንደሳሉበት፣ ፈላስፋ ሳይቀር እንደተከራከረበት ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ይህ ዳሰሳ የአክስቴን ጥያቄ ይዞ ወደ ውጭ ወጥቶ ወደ ቤቷ ይመለሳል።

ከሁሉ የታወቀው ካርታ የሚነሳው ቦስተን ውስጥ ካለ የልቦለድ ሆስፒታል ነው። «ሴንት ኤልስዌር» የተባለው የአሜሪካ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1988 በኤንቢሲ ጣቢያ ታየ። የመጨረሻው ክፍል ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በሐኪምነት ያወቅነው ዶክተር ዌስትፎል የግንባታ ሠራተኛ ሆኖ ከሥራ ወደ ቤቱ ይገባል። ኦቲዝም ያለበት ልጁ ቶሚ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ሲያወዛውዙት ውስጡ በረዶ የሚበንበትን የመስታወት ኳስ ትኩር ብሎ ያያል። ኳሱ ውስጥ ያለው ትንሽ ሕንፃ ሆስፒታሉ ነው። ሐኪሞቹ፣ በሽተኞቹ፣ የሞቱት፣ የተጋቡት ሁሉ በአንድ ዝምተኛ ልጅ ሐሳብ ውስጥ የኖሩ ነበሩ ማለት ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም አንድ ድራማ አስገራሚ መጨረሻ ነበረው ብለን እናልፈው ነበር። ግን የሴንት ኤልስዌር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1985 ከሥራ መልስ «ቺርስ» ወደተባለው መጠጥ ቤት ጎራ ብለዋል። «ቺርስ» ራሱን የቻለ ሌላ ድራማ ነው። ሆስፒታሉ የቶሚ ምናብ ከሆነ መጠጥ ቤቱስ? ከመጠጥ ቤቱ ወጥቶ የራሱን ድራማ የመሠረተው ፍሬዘርስ? እ.ኤ.አ. በ1998 ከዚያው ሆስፒታል የመጣች አንዲት ሐኪም «ሆሚሳይድ» በተባለው የባልቲሞር ፖሊሶች ድራማ ላይ ብቅ አለች፤ የተጫወተችውም ያችው ተዋናይት አልፍሬ ውዳርድ ነበረች። ያን ጊዜ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ምክንያቱም ሆሚሳይድ ውስጥ ጆን መንች አለ።

መንች ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ሰው ነው። ሪቻርድ ቤልዘር የተጫወተው፣ ማንንም የማያምን ቀጭን መርማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሆሚሳይድ ላይ ተወለደ። በ1997 «ዘ ኤክስ ፋይልስ» ላይ ታየ። «ሎው ኤንድ ኦርደር» ላይ ከኒው ዮርክ ፖሊሶች ጋር ተከራከረ፤ ሆሚሳይድ ሲያልቅ ጓዙን ጠቅልሎ ኒው ዮርክ ገባና በልዩ ተጠቂዎች ክፍል ድራማ ላይ ብዙ ዓመት አገለገለ። «አሬስትድ ዴቨሎፕመንት» የተባለ ኮሜዲ ውስጥም ገብቷል። በ2008 ደግሞ «ዘ ዋየር» ላይ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ስለ ዱቤ ሲያወራ ለአፍታ አየነው። ቤልዘር እ.ኤ.አ. በ2023 ሲሞት ተመልካች ያለቀሰለት፣ ከቤት ቤት እየዞረ ሲጠይቀው እንደኖረ ዘመድ ነው።

ይህን ሰንሰለት ሰብስቦ ወደ ክርክር የለወጠው የኮሚክ መጽሐፍ ጸሐፊው ድዌይን ማክዱፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002። ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ ማክዱፊ ሐሳቡን ያቀረበው እንዲታመንበት አልነበረም። በኮሚክ ዓለም አንባቢው የአንዱ ታሪክ ዝርዝር ከሌላው ጋር ካልገጠመ እያለ ጸሐፊዎችን ያስጨንቅ ነበርና፣ «ሁሉን ከሁሉ ካያያዛችሁ መጨረሻችሁ ይህ ነው» ብሎ ሊመልሳቸው ነው። አንባቢዎቹ ግን ማስጠንቀቂያውን እንደ ግብዣ ተቀበሉት። አንዱ ድራማ ሌላውን እየጎተተ ካርታው ከ400 በላይ ዝግጅቶችን ያዘ። መንች ባልደረሰበት ሲጋራ ደረሰ፤ «ሞርሊ» የሚባል በገበያ የሌለ የሲጋራ ስም በብዙ ፊልምና ድራማ ውስጥ ስለሚታይ፣ ሞርሊ የተጨሰበት ሁሉ አንድ ዓለም ነው ያሉ ተነሡ።

ተቃውሞውም ቀላል አልነበረም። ፈላስፋው ብራያን ዌዘርሰን ስድስት ነጥብ ዘርዝሮ ሞግቷል። ከነዚህ ውስጥ ለኔ የሚበልጥብኝ ይህ ነው፦ በሕልሜ የገባ ሰው ሁሉ የሕልሜ ፍጡር አይሆንም። የቀድሞው የኒው ዮርክ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ በራሱ ስም ሎው ኤንድ ኦርደር ላይ ቢታይ በቶሚ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የሚኖር ሰው ነው አንልም። እንዲሁ መንች ቶሚ ካሰበው ዓለም ውስጥ ቢገኝ፣ መንች የደረሰበት ሁሉ የቶሚ ነው ማለት አይደለም።

እኔ ይህን ክርክር የምረዳው በራሳችን ነገር ነው። ባቲ በዞናችን ያለች ከተማ ናት፤ ስሟ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ ሆኗል። በባቲ ቅኝት የተዘፈነ ዘፈን ስፍር ቁጥር የለውም። አንዱ ስለ ፍቅር ነው፣ ሌላው ስለ ስደት፣ ሌላው ስለ እናት። ክራሩ የተቃኘበት መንገድ አንድ ነው፤ ዘፈኖቹ ግን አንድ አይደሉም፣ አንዱ ዘፈን ውስጥ የተጠራችው ልጅ ሌላው ውስጥ ከተጠራችው ጋር አንድ ናት የሚል የለም። የሞርሊ ሲጋራ ቅኝት ነው። መንች ግን ሰው ነው፤ ስሙን፣ ትዝታውን፣ የተፋታቸውን ሚስቶች ይዞ ነው የሚሻገረው። ለኔ ካርታ የሚሳለው በሰው ነው።

ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይሻገርም፤ የሚያሻግረው አለ። «ሴንት ኤልስዌር» እና «ቺርስ» የአንድ ጣቢያ ልጆች ነበሩ። የሴንት ኤልስዌር ጸሐፊ የነበረው ቶም ፎንታና ቆይቶ የሆሚሳይድ አዘጋጅ ሆኗል፤ ያች ሐኪም ባልቲሞር የደረሰችው የሚያውቃት ሰው እዚያ ስለነበረ ነው። ካርታውን ሰፋ አድርጎ ያየ ሰው ከገጸ ባሕርያቱ መስመር ሥር ሌላ መስመር ያገኛል፦ አብረው የሠሩ ጸሐፊዎች፣ ወዳጅነት፣ የጣቢያ ጥቅም። ገጸ ባሕርያቱ የሚሄዱት ጸሐፊዎቹ በቀደዱት መንገድ ነው።

ይህ ከቴሌቪዥን ጋር የተወለደ ነገር እንዳይመስለን። ፈረንሳዊው ባልዛክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ 90 የሚጠጉ ሥራዎቹን «የሰው ልጅ ኮሜዲ» በሚል አንድ ርእስ ሥር ሲሰበስብ፣ በአንዱ ልቦለድ ተማሪ የነበረው በሌላው ሚኒስትር ሆኖ ይመጣ ነበር። ሰርፍበርና ክሪስቶፍ የተባሉ ሁለት አንባቢዎች እ.ኤ.አ. በ1887 የእነዚያን ሰዎች ሁሉ የሕይወት ታሪክ በፊደል ተራ አሰናድተው አሳተሙ። የዛሬዎቹ ካርታ ሠሪዎች አያቶች እነሱ ናቸው።

በእኛስ? በመጽሐፍ በኩል ሀብታም ነን። አዳም ረታ «ሕጽናዊነት» ብሎ ስም ያወጣለት የአጻጻፍ መንገድ አለው፤ አምሳያው እንጀራ ነው፤ አይኖቹ ብዙ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ክፍት፣ ከሥር ግን በአንድ ሊጥ የተያያዙ። «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»ን ያነበበ ሰው በአንዱ ታሪክ ዳር ሆኖ ያለፈ ሰው በሌላው መሐል ላይ ተቀምጦ ሲያገኘው የሚሰማውን ደስታ ያውቃል። አሜሪካኖቹ በክርና በነጥብ የሳሉትን እኛ መሶብ ላይ አለን። በዓሉ ግርማም ከ«የሕሊና ደወል» በኋላ ታሪኩን አስፍቶ «ሐዲስ»ን ሲጽፍ፣ አንድ ሰው በሁለት መጽሐፍ ሁለት ዕድሜ እንዲኖር አድርጓል። «ደራሲው» ላይ ደግሞ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ከሕይወት አንሥቶ ሲራክ ብሎ ልቦለድ ውስጥ አስገብቶታል። የእኛ ደራሲዎች በር የመክፈት ድፍረት አጥተው አያውቁም።

ቴሌቪዥናችን ግን ሌላ ነው። ተከታታይ ድራማ በአብዛኛው በየራሱ አዘጋጅ ይሠራል፤ በየራሱ ስፖንሰር ይኖራል፤ የአየር ሰዓት ተደራድሮ ጣቢያ ይገባል። የአንዱ ድራማ ነጋዴ በሌላው ድራማ ሠርግ ላይ ቢጋበዝ የማን ንብረት ሆኖ ነው የሚሄደው? ወጪውን ማን ይችላል? ታሪኩ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? ፎንታናን የመሰለ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚወጣው ጸሐፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ዓመታት ሲቆዩ ነው። የእኛ ጸሐፊዎች ደግሞ የሚሠሩት ተበታትነው ነው።

ይሁንና ተመልካቹ ካርታ አልሠራም ማለት አይደለም። ሠርቷል፤ በሌላ ሕግ ነው። የአሜሪካው ካርታ ሠሪ መጀመሪያ የሚያወጣው ሕግ «ተዋናዩ አይቆጠርም» የሚል ነው፤ አንድ ፊት በሁለት ድራማ ቢታይ ሁለት ሰው ነው። በእኛ ዘንድ ዋናው መስመር ተዋናዩ ነው። አበበ ባልቻ በ«ሰው ለሰው» አስናቀን ከተጫወተ በኋላ፣ በሌላ ሥራ ላይ በታየ ቁጥር ከተመልካቹ አንዱ «አስናቀ መጣ» ሳይል አይቀርም። ከሚሴ ሻይ ቤት ውስጥ እንዲህ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውየው አዲሱን ድራማ ያየው የነበረው አስናቀ ከዚህ በፊት የሠራውን ሁሉ እያሰበ ነው፤ ደግ ሰው ሆኖ ቢመጣ እንኳ አያምነውም። በዚያ ሰው ልብ ውስጥ ሁለቱ ድራማዎች አንድ አገር ናቸው፤ አስናቀም ከአንዱ ከተማ ሸሽቶ ሌላው ውስጥ ስሙን ለውጦ የሚኖር ሰው ነው።

ይህን አለማወቅ ነው ብለው የሚንቁ አሉ። እኔ አልንቀውም። ተመልካቹ ልቦለድ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል፤ ተዋናዩን መንገድ ላይ ቢያገኘው እጅ ነሥቶ ነው የሚጨብጠው። የሚያደርገው ነገር ማስታወስ ነው። አንድ ፊት የተሸከመውን ሁሉ ጥሎ ባዶውን አይቀበልም።

ሁለተኛው መስመር ድምፅ ነው፤ ይህ ደግሞ ከካና ጋር መጣ። ጣቢያው በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የውጭ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አምጥቶ «ጥቁር ፍቅር»ን፣ «ኩዚ ጉኒ»ን በየቤቱ አስገባ። የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ሥራችንን ያጠፋብናል ብለው አምርረው ተቃውመው ነበር፤ ሥጋታቸው መሠረት ነበረው። ከተመልካች ወገን ግን ማንም ያላሰበው ነገር ተፈጠረ። ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች ቁጥር ውስን ነውና አንድ ድምፅ በአንድ ድራማ የኢስታንቡል ሀብታም፣ በሌላው የድኻ ልጅ ሆኖ ይሰማል። ፊቱ የተለያየ፣ ድምፁ አንድ። ቤታችን ውስጥ ዓይናቸውን ከምጣድ የማያነሡ ሴቶች ድራማውን የሚለዩት በጆሮ ነው፤ «ይሄ ያ ከሐዲው አይደል?» ሲሉ ተሳስተው አይደለም፤ በሰሙት ልክ ትክክል ናቸው። ቱርኮቹ ጸሐፊዎች ያላገናኟቸው ሰዎች አዲስ አበባ የቀረጻ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው ነው ከሚሴ የደረሱት። የአሜሪካ ካርታ ላይ እንዲህ ያለ መስመር የለም።

ሦስተኛውን ማስታወቂያ ብዬዋለሁ፣ ብዙም አልቆይበትም። በድራማ የተወደዱ ባልና ሚስት ከዚያው ጠብና ፍቅራቸው ጋር መጥተው ቀለም ወይም ሳሙና ሲሸጡ፣ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ ይሻገራሉ። ድራማው ያልከፈለውን መሻገሪያ ሳሙናው ከፈለ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ገጸ ባሕርይን የማሻገር ችሎታው እንዳለን፣ የሚያሻግረው ግን ሻጭ ብቻ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ሰብስቤ ወደ ቤት ስመለስ፣ የአክስቴ አነጋገር ውስጥ አንዲት ቃል ትይዘኛለች፤ «ገበያ ላይ» ነበር ያለችው። እሁድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ። ጅሌ ጥሙጋ ውስጥ ያለችው ሰንበቴ ስሟን የሰጣት ቀን ሲደርስ አፋሩ ከቆላ፣ አርጎባው ከተራራው፣ ኦሮሞውና አማራው ከየቀዬው ይወርዳል። በማግስቱ ባቲ ላይ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ጨርቁ እንደገና ይገናኛል። ከእሁዱ ገበያ ሰኞ ባቲ የደረሰ ነጋዴ ወሬውንም ይዞ ነው የሚመጣው፤ የማን ልጅ እንደተዳረች፣ የማን ከብት እንደጠፋ። ሰንበቴ ላይ ገዢ የነበረ ባቲ ላይ ሻጭ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያች ሴት ስለ መንችም ስለ ባልዛክም ሳትሰማ፣ ሁለት ድራማ የሚገናኝበትን ትክክለኛ ቦታ ጠቁማኝ ነበር፦ ሰው ሁለት ቋንቋ እየተናገረ የሚደራደርበት ቦታ።

የወሎ ሰው ማያያዝ ያውቅበታል። የሼህ ሁሴን ጅብሪል ትንቢታዊ ግጥሞች በቃል ሲወርዱ ሲዋረዱ ኖረዋል፤ በርጫ ላይ ወይም ቡና ላይ አንዱ ስንኝ ሲነሣ «ይህ ስለ እገሌ መንግሥት ነው»፣ «የለም፣ ስለዚያኛው ነው» የሚል ክርክር ይከተላል። አንዱ ሁለት መስመር ሦስት ዘመን ላይ ሲገጥም አይቻለሁ። ይህ ለካርታ ሠሪ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁሉ ላይ የሚገጥም መስመር ምንም አያሳይም። ከዚያ ክርክር የተማርኩት አንድ ነገር፣ አዋቂ ሽማግሌዎች መጀመሪያ «ከማን ሰማኸው?» ብለው መጠየቃቸው ነው። ስንኙ የመጣበት ካልታወቀ ትርጓሜው ውስጥ አይገቡም።

እኛ የጎደለን ይኸው ነው፤ ከማን እንደሰማነው የሚያስረዳ መዝገብ። የአሜሪካው ካርታ የቆመው ድራማዎቹ ደጋግመው ስለሚታዩ፣ በካሴት ስለተቀዱ፣ የየክፍሉ ቁጥርና የጸሐፊው ስም ስለሚታወቅ ነው። መንች በየትኛው ክፍል የት እንደነበረ የጠየቀ ሰው መልስ ያገኛል። የኛ ድራማ አንዴ ታይቶ ያልፋል። አሁን አሁን ዩቲዩብ ላይ መጫናቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ክፍሎቹ እየተቆራረጡ፣ ርእሳቸው እየተለወጠ፣ የጸሐፊና የተዋናይ ስም ሳይኖራቸው ነው የሚቀመጡት። የሬዲዮ ድራማ ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው የቀረው በሰሙት ሰዎች ውስጥ ነው፤ እነሱም እያረጁ ነው። ያ 15,000 ደብዳቤ የተጻፈለት ሥራ በየአድማጩ ቤት እንዴት እንደኖረ የምናውቀው፣ ሰዎቹን አሁን ከጠየቅናቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ሦስት ዓምድ አለው፦ ማን፣ ከየት፣ በምን ተሻገረ። በምን የሚለው ውስጥ የምጽፋቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ በስም፣ በፊት፣ በድምፅ፣ በማስታወቂያ። በስም የሚለው እስካሁን ባዶ ነው፤ አንድ ጸሐፊ ደፍሮ የሌላውን ጸሐፊ ሰው ተውሶ በክብር እስኪመልሰው ድረስ ባዶ ይቆያል። በድምፅ የሚለው ግን ሁለት ገጽ ሞልቷል፤ አብዛኛውን የሞሉልኝ ሴቶች ናቸው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ በነበረው ግጭት መንገዱ ሲዘጋ፣ ሰውም ሲሸሽ፣ ስለ ድራማ ማውራት የሚያስነውር ይመስል ነበር። ሲመለስ ግን ከሁሉ ቀድሞ የቆመው ገበያው ነው። ባለፈው ጊዜ አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ደብተሩን አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ አነበብኩላት። የአማርኛውን ድራማ ሰዎች በአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞውን በአፋን ኦሮሞ እየጠራች፣ እኔ የረሳሁትን ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደታመመ ትነግረኝ ጀመር። ስትናገር ሁለቱን አልለየቻቸውም። «የቷ ናት? የ«የቀን ቅኝት» ናት ወይስ የ«ዲምቢባ»?» ብዬ አቋረጥኳት።

ትንሽ አሰበች። «ጎረቤቷ እኮ ነበረች» አለችኝ።

የትኛው ዓምድ ላይ እንደምጽፈው ገና አልወሰንኩም።